ከግድግዳው የወረደው ስክሪን

በኮምቦልቻ ማለዳ የምላሽ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጭር ይላል፣ ሊፍቱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጆች እንኳ ቁርሳቸውን ድምፅ ሳያሰሙ ይበላሉ። በየቤቱ አንድ ሰው ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ «ምላሽ» በተባለው ፕሮግራም መንግሥት ሌሊቱን ሲጠይቅ ላደረው መልስ ይሰጣል። ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናቸው። የውሃው ቀለም እንዴት ነው? የላይኛው ቤት ሰው ድምፅ ያበዛል? የመንገዱ ስም ቢለወጥ ይስማማሉ? ሰው ያነባል፣ ወይም ያነበበ ይመስላል፤ ከታች «ገባኝ» የምትለውን ቁልፍ ይነካል፤ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይህ ሕግ ሲወጣ የተቃወመ ሰው እንደነበረ የሚያስታውስ የለም፤ የተቃወሙትም ዝም ብለው ነበርና።

ኤልዳና ምላሽ ሰጥታ አታውቅም። በእነሱ ቤት መልስ የሚሰጠው ባሏ አቤኔዘር ነበር። ጠዋት ጠዋት በነጠላ ጫማ ሳሎን ይገባል፣ ከግድግዳው ትልቅ ስክሪን ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ጥያቄዎቹንም ጮክ ብሎ ያነብላታል።

«የላይኛው ቤት ድምፅ ያበዛል ወይ ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

«ጆሯችን አይሰማም በላቸው» ትለዋለች ከጓዳ።

አቤኔዘር ሰኔ መግቢያ ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሠልስቱ ባለፈ ማግስት ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ደረሰ፦ «የአቶ ናሆም አሳዳሪነት። ዝርዝሩን በምላሽ ይመልከቱ።»

ናሆም የአቤኔዘር ታላቅ ወንድም ነው። በጉልምስናው ዘመን የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። አእምሮው ከከዳው ዓመታት ቢያልፉም ቢጫ ካርዱ ከደረት ኪሱ፣ ፊሽካው ከአንገቱ አይለይም። በመዝገብ አሳዳሪው ወንድሙ ነበር። አሳዳሪ ሲሞት ከቤቱ ሰው አንዱ በምላሽ ገብቶ «እኔ አለሁለት» ካላለ፣ ሰውዬው ቆላ ወዳለው እርጋታ መንደር ይወሰዳል። ስለ መንደሩ ክፉ የሚያወራ የለም። ምድር ቤት የምትኖረው የቤዛዊት እናት ወደዚያ ከሄዱ ወዲህ በየእሑዱ ፎቶግራፋቸው ይመጣል። በሁሉም ላይ ፈገግ ብለዋል፤ በሁሉም ላይ አንዱን አረንጓዴ ሻርፕ ለብሰዋል። ሻርፑ ግን ቤዛዊት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የሄዱ ዕለት ረስተውት ነው የሄዱት።

የቤቱ ኮምፒውተር መኝታ ቤት ጥግ ነው፤ የራሱ ትንሽ ስክሪን አለው። ኤልዳና በማግስቱ ማለዳ ፊቷን ታጥባ፣ ጥቁር ልብሷን አስተካክላ፣ ችሎት እንደሚቀርብ ሰው ፊቱ ተቀመጠች። ምላሽ የሚለውን ምልክት ነካች። በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ከስክሪኑ ግርጌ «ምላሽ» የሚለው ስም በራ። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር የለም። ከፊቷ ያለው የሐይቅ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ውሃው፣ ደሴቱ፣ አቤኔዘር ጀልባ ላይ እጁን ሲያውለበልብ።

ደግማ ነካች። ስሙ በርቷል፤ መስኮት የለም።

«ተጀመረ?» አለ ናሆም ከኋላዋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ጨዋታው።»

«አልተጀመረም።»

«ሰዓት እየገደሉ ነው» አለና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

ጥቂት እንደቆየ ግርጌው ላይ የበራው ስም ማንም ሳይነካው በራሱ ጠፋ። ኤልዳና የተበላሸ መሰላት። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ድምፁ ተሰማ፣ ስሙ በራ፣ መስኮቱ ሳይታይ ቀረ፣ ስሙ ጠፋ።

ማምሻውን ቶፊቅ መጣ። ቶፊቅ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ጎልማሳ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽኖችን ሲያኮርፉ የሚያባብል። ወንበሩን ሳይስብ ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«እየሠራ ነው እኮ፣ እትዬ ኤልዳና።»

«የታለ ታዲያ?»

«መሥራቱን እየሠራ ነው። አይታይም እንጂ።»

«የማይታይ ነገር ምን ይሠራልኛል? እንደ ጂኒ ላምነው ነው?»

ቶፊቅ ሳቀና፣ የቤቱ ሐዘን ትዝ ብሎት ሳቁን ዋጠ። ነገ ቀድሞ እንደሚመጣና ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደ አዲስ እንደሚጭነው ነገራት። «እስከዚያ የምላሽን አስረጂ፣ ያቺን የማሽን ድምፅ፣ ደውለሽ ጠይቂያት» አላት።

አስረጂ የሴት ድምፅ ነበራት፤ ለስላሳ፣ የተማረች፣ ያልተራበች ሴት ድምፅ።

«እንደምን አመሹ፣ ወይዘሮ ኤልዳና። በሐዘንዎ እናዝናለን። ምን ላስረዳዎ?»

«ምላሽ አይከፈትልኝም። እንዲያዩልኝ ነው።»

«አይቼዋለሁ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ተነቧል፤ በእጅ ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ።»

ኤልዳና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። «በማን እጅ?»

«በቤቱ እጅ።»

«የቤቱ እጅ የኔ እጅ ነው። እኔ አላየሁትም፤ አልነካሁትም።»

«ስላብራሩልኝ አመሰግናለሁ። መዝገቡ ግን መነካቱን ያሳያል። ሦስተኛ ጊዜ ተከፍቶ ያለ መልስ ከተዘጋ፣ በዝምታ እንደተስማሙ ይቆጠራል።»

«ለእርስዎ ልንገርዎት እንግዲህ። እኔ አለሁለት። ናሆም ከኔ ጋር ይኖራል። ይጻፉልኝ።»

«መልስ የሚቀበለው ምላሽ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ኤልዳና። እኔ አስረዳለሁ። ምክር ልስጥዎት? ሲከፍቱት ተረጋግተው ያንብቡት። መስኮቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ እያነበቡ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ምንም ነገር አይፈጸምም። የሚያነብ ሰው አይጣደፍም። መብትዎ ነው።»

«የቱን መስኮት? የቱን?»

«የከፈቱትን።»

በዕድሜዋ ለማታውቀው ሰው ከአንቱታ ወርዳ የማታውቀው ኤልዳና ያን ጊዜ ወረደች። «ትዋሺያለሽ» አለቻት። «አንቺ ውሸታም ነሽ።»

«ቀረብ ብለው ስላናገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች አስረጂ። «ሌላ የማስረዳዎ ነገር አለ?»

ኤልዳና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ንዴቷ ግን መውጫ አልነበረውም። ንዴት ሰው ይፈልጋል። ልጅ ሳለች እናቷ በእጇ ይዛ ቀበሌ ትወስዳት ነበር፤ እዚያ ጠረጴዛ ነበረ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ «ነገ ተመለሺ» የሚል ሰውዬ ነበረ። እናቷ ትጮኽበታለች፤ ሰውዬው አንገቱ ይቀላል፤ ማኅተሙን እያየ ይሳደባል። በማግስቱ ተመልሰው ሲሄዱ ያኮርፋል፣ ግን ይፈርማል። ወጣቶቹ ይህን ስትነግራቸው እንደ ተረት ይሰሟታል። እሷም ብትሆን ያ ሰውዬ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ጥፋት ነው» አለ ናሆም። በጨለማው ውስጥ ቢጫ ካርዱን ለስልኩ ዘርግቶ ነበር።

«ጥፋት ነው ጋሼ።»

ጠዋት ቶፊቅ እንዳለው መጣ። ከኮምፒውተሩ ስለ ምላሽ ያለውን ሁሉ ጠራረገ፤ እንደ አዲስ ጫነ፤ አንዳንድ ነገር አስተካከለ፤ የማይሰማ ነገር አጉረመረመ። ኤልዳና ከትከሻው በላይ ቆማ ታያለች።

«ልክፈተው?» አላት።

«ሦስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ የለም።»

«ወላሂ፣ አሁን ካልተከፈተ ይህን ሙያ እተዋለሁ።»

ነካው። የበሩ ድምፅ ተሰማ። ስሙ በራ። የሐይቁ ውሃ፣ ደሴቱ፣ ጀልባው። ቶፊቅ የዘረጋውን ጣት ሰበሰበ።

ናሆም ከአልጋው ተነስቶ መጣና እጁን ማውሱ ላይ አደረገ። ማንም አልከለከለውም። ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ነበር። ናሆም ማውሱን ኳስ እንደሚገፋ ሰው በቀስታ ወደ ቀኝ ገፋው። በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ሄደች፣ ሄደች፣ ጠርዙ ላይ ደረሰች፤ እዚያም ከመቆም ይልቅ አልፋ ወጣች።

«አውት» አለ ናሆም።

«የት ሄደች?» አለች ኤልዳና።

ቶፊቅ ማውሱን ተቀብሎ ወደ ግራ ሳበው። ቀስቷ ከጠርዙ ወዲያ ብቅ አለች። ወደ ቀኝ ገፋው። ጠፋች። ፊቱ ተለወጠ።

«ኮምፒውተሩ ሌላ ስክሪን አለ ብሎ ያምናል» አለ። «ከዚህ ስክሪን ቀጥሎ፣ በቀኝ በኩል። ምላሽ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ በተዘጋበት ስክሪን ላይ ነው። ማን ነበር መጨረሻ የተጠቀመበት?»

«አቤኔዘር።»

«በየትኛው ላይ?»

ኤልዳና በተከፈተው በር ወደ ሳሎኑ ዞረች። ግድግዳው ላይ ከሌላው ቀለም ፈዘዝ ያለ ትልቅ አራት ማዕዘን አለ። ሚስማሮቹ እንደተሰኩ ናቸው። አቤኔዘር ከሞተበት ቀን ጀምሮ ሳታየው በፊቱ ስትመላለስ ከርማለች።

የእነሱ ቅሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለው። ድንኳን ከመትከሉ፣ አግዳሚ ከመደርደሩ በፊት ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው ይገባሉና ስክሪኑን ከግድግዳ ያወርዱታል። ድሮ ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን መዝጋት ይበቃ ነበር። የዛሬ ስክሪን ግን ቢዘጋም ራሱ በርቶ ያወራል፤ ገመድ አያውቅም፣ ከአየር ነው የሚበላው። ስለዚህ ይወርዳል፤ በነጭ ነጠላ ይጠቀለላል፣ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱ ወደ ላይ ተደርጎ፤ አርባው እስኪወጣ በቅሬው ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ክብር ነው። ስክሪኑ ያልወረደለት ሟች ዘመድ እንደሌለው ይቆጠራል።

የቅሬው ዕቃ ቤት ከግቢው መሐል ኮሙናሉ፣ የነዋሪዎቹ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ውስጥ ነው። በመስኮቷ ቁልቁል ይታያል።

«እንዳትነካው» አለችው ቶፊቅን። «ተቀመጥ። ማንም እንዳይነካው። ጋሼንም ያዝልኝ።»

በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደች። ሊፍቱ የምላሽ ሰዓት ስለሆነ ቆሟል። በየደጃፉ ዝምታ ነው፤ ከየበሩ ጀርባ ሰዎች ሲያነቡ ወይም ያነበቡ ሲመስሉ ይሰማታል። ምድር ቤት ስትደርስ ከአጥሩ በር ውጪ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሾፌር የሌለው ግራጫ መኪና ከወዲሁ ቆሞ አየች። የጎን በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል። ውስጡ አንድ ወንበር ብቻ አለ።

የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ የድንኳን ሸራ፣ የአግዳሚ ክምርና የጀበና ሽታ ያለበት ዳስ ይመስላል። የቅሬው ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ዮናታን ከጥጉ ቆመዋል፤ ነጠላውን ከስክሪኑ ላይ እስከ ግማሹ ድረስ በጥንቃቄ ገልበውታል፤ የስክሪኑ ብርሃን ጢማቸውን ሰማያዊ አድርጎታል። ጣታቸው ገና ከመስታወቱ ላይ እየተነሳ ነበር።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ ፊታቸውን አብርተው። «አትጨነቂ። ዘጋሁልሽ።»

ኤልዳና በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ምኑን ዘጉልኝ?»

«ይኸው ይኼን ነዋ። ጠዋት ጠዋት ይበራል። ሐዘኑ ሳይወጣ፣ የአቤኔዘር አፈር ሳይደርቅ፣ በነጠላው ውስጥ እንደ ጭፈራ ቤት ቦግ ይላል። ነውር አይደለም? ሰው ቢያይ ምን ይላል? ገልጬ እዘጋዋለሁ፤ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። አንቺን አላስቸግርም ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ስንት ጊዜ?»

«የዛሬን ጨምሮ ሦስት።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። ኤልዳና አየቻቸው። ሲፈልግ የሰነበተው ንዴቷ በመጨረሻ ሰው አገኘ፤ አንገት ያለው፣ ቢጮኹበት የሚቀላ ሰው። አፏን ከፈተች። ሰውየው ግን የአቤኔዘርን ቃሬዛ ከራስጌው በኩል ተሸክመው መቃብር ድረስ ትከሻ ያልቀየሩት ሰው ናቸው። የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ንዴቱ አልበረደም፤ እሳቸው ላይ ሳያርፍ አለፈ እንጂ።

በዚህ መሐል ስክሪኑ እንደገና ቦግ አለ። ነጭ መስኮት ተከፈተ።

«አይ እነዚህ» አሉ ጋሽ ዮናታን፣ «አንዱን ስትዘጊ ሌላው ይመጣል። ቆይ፣ እንዲህ ነው የማደርጋቸው» አሉና ጣታቸውን ዘረጉ።

ኤልዳና የቀረውን ርቀት እንዴት እንዳለፈችው አላወቀችም። የእጃቸውን አንጓ ጨመደደችው። ጣታቸው «ገባኝ» ከምትለው ቁልፍ የገብስ ፍሬ ያህል ርቆ ቆመ።

«ልጄ፣ አሳመምሽኝ።»

«እጅዎን ይሰብስቡ፣ ጋሽ ዮናታን። ቀስ ብለው።»

ሰበሰቡ። ኤልዳና መስኮቱን ጮክ ብላ አነበበች፤ አቤኔዘር ያነብላት እንደነበረው።

«በዝምታ ስለሰጡን ስምምነት እናመሰግናለን። አቶ ናሆም ዛሬ ወደ እርጋታ መንደር ይሸኛሉ። መኪናው ደጅዎ ላይ ነው። ገባኝ የሚለውን ሲነኩ ሽኝቱ ይጀመራል።»

ከጽሑፉ በታች አንድ ቁልፍ አለ። «ገባኝ»። በግራም በቀኝም ሌላ ፈለገች፤ የለም። «አልስማማም» የለም፤ «ቆይ» የለም፤ «ስሕተት ነው» የለም። የወረቀት ያህል ነጭ ሜዳ፣ አንድ ቁልፍ።

ጋሽ ዮናታን የተነበበውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን የሌላ ሰው ንብረት ይመስል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አዩት።

«እኔ ነኝ? ናሆምን እኔ ነኝ የሰጠሁት?»

«የቤቱ እጅ ነው ይላሉ። የቤቱ እጅ የማን እንደሆነ አይጠይቁም።»

«ላከብርሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ዮናታን። እነሱም የሚያውቁት ይህንኑ ነው።»

ስልኳ ጠራ። አስረጂ ናት።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኤልዳና። መስኮቱ ተከፍቷል። ገባኝ የሚለውን ግን እስካሁን አልነኩም። መኪናው እየጠበቀ ነው። ምን ላስረዳዎ?»

ኤልዳና ነጩን መስኮት አየችው። ከዚያ ከአጥሩ በር ውጪ ያለውን ግራጫ መኪና አየችው። ትናንት የሰማችው ቃል ትዝ አላት፤ ቀዝቅዞ፣ ጥርት ብሎ።

«እያነበብኩ ነው» አለች።

«መልካም። ይረጋጉ። የሚያነብ ሰው አይጣደፍም።»

«አይጣደፍም» አለች ኤልዳና፤ ዘጋችም።

ነጠላውን ከወለሉ አንስታ አራገፈችው። «ይያዙልኝ» አለች። ሁለቱም ሆነው ጠርዙን ብቻ እየያዙ፣ መስታወቱን ሳይነኩ፣ ስክሪኑን እንደበራ ጠቀለሉት፤ ጥለቱን ወደ ላይ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ማንም እንዳይደርስበት ከፊቱ የድንኳን ቋሚዎችን፣ ከቋሚዎቹ ፊት አግዳሚዎቹን ደረደሩበት። ጋሽ ዮናታን በሩን ቆልፈው ቁልፉን ሰጧት። የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ ከተሠራ ጀምሮ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ድንኳን የሚፈልግ ሰው ቢመጣስ?»

«ይጥሩኝ። ቆሜ አስወጣለታለሁ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እስኪገባኝ።»

ፎቅ ስትወጣ ቶፊቅ እጁን ከኮምፒውተሩ አርቆ፣ እባብ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ አገኘችው። ነገረችው። እሱም በወፍራም ካርቶን ኮምፒውተሩን ሸፈነው፤ ላዩ ላይ «አይነካም» ብሎ ጻፈ። መብራት ቢጠፋ መስኮቱ እንዳይዘጋም ከፋብሪካው ባትሪ አምጥቶ ከሥሩ አኖረ።

ሰኔ አልፎ ክረምቱ ገባ። መኪናው ከዋርካው ሥር ነው። ዝናብ ይወርድበታል፣ ቅጠል ይረግፍበታል፤ በሩ እንደተከፈተ ወንበሩ ረጥቧል። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ዞር እያሉ ነበር የሚያልፉት፤ አሁን ሴቶች የፌስታል ዕቃቸውን ጣራው ላይ አስደግፈው ያወራሉ። ናሆም ማለዳ ማለዳ በኤልዳና ክንድ ተደግፎ ይወርዳል፤ መኪናው ፊት ይቆማል፤ ፊሽካውን ነፍቶ ቢጫውን ካርድ ያሳየዋል፤ ሰዓት ገድሏል ይላል። አንድ ቀን ቤዛዊት አረንጓዴውን ሻርፕ ይዛ ወረደች፤ መኪናው ውስጥ ያለችውን አንዷን ወንበር ብዙ አየቻት፤ ሻርፑን መልሳ ይዛው ገባች።

የአቤኔዘር አርባ ወጣ። የሌሎች ሟቾች ስክሪን ወደየቤቱ ተመለሰ፤ የእነሱ ግድግዳ ላይ ፈዛዛው አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ። ቅሬው ስለ ጉዳዩ ተሰብስቦ ረጅም ሰዓት ተነጋገረ፤ የቅሬው ዳኛ «ሐዘኗ አልወጣም» ብሎ ዘጋው። ሌላ ቃል በመዝገብ አልሰፈረም።

አስረጂ በየማለዳው ትደውላለች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ አልሰለቻትም፤ የመሰልቸት አቅም የላትም። የኤልዳናም ንዴት አልተለወጠም። እንደ ረመጥ አመድ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሲነካ ያቃጥላል። ማለዳ ተነስታ ፊቷን ስትታጠብ አብሯት ይነሳል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኤልዳና። እያነበቡ ነው?»

«እያነበብኩ ነው።»

«ጽሑፉ አጭር ነው። ምናልባት የከበደዎ ቃል ይኖር ይሆን? የትኛው ቃል እንደሆነ ቢነግሩኝ ላስረዳዎ እችላለሁ።»

ኤልዳና መስኮቱ ጋ ቆማ ቁልቁል ታያለች። የዕቃ ቤቱ በር እንደተቆለፈ ነው። በበሩ ሥር፣ በቀጭኑ ስንጥቅ፣ ነጭ ብርሃን ይታያል።

«እናመሰግናለን የምትለዋ» አለች። «እሷ ላይ ቆሜያለሁ።»